ራጅ፣ አልትራሳውንድና የሠለጠነ እጅ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር




ስለ ራጅ አሠራር፣ ስለ ባለሙያዎቹ ሥልጠናና ስለ አልትራሳውንድ ምርመራ ጥቂት እንድናገር አዘጋጅ ኮሚቴው በጠየቀኝ ጊዜ፣ ግብዣውን ለመቀበል ማመንታቴን አልደብቅም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የራጅ ባለሙያም አይደለሁም። ሙያዬ ምህንድስና ነው። የሕክምና መሣሪያ ሲበላሽ የሚጠራ፣ ጠግኖና ፈርሞ የሚሄድ ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ፣ ይህ «ጠግኖና ፈርሞ መሄድ» የምንለው ልማዳችን ምን ያህል ጎዶሎ እንደ ሆነ በገዛ ጥፋቴ የተማርሁት ስለ ሆነ፣ እኔው ራሴ ብናገረው ይሻላል በማለት ቀርቤአለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ያህል፣ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን እስከዚያ ያልታወቀውን ጨረር በቩርትስቡርግ ከተማ ያገኘው ኖቬምበር 8 ቀን 1895 እ.ኤ.አ. ነው። አራት ወር ሳይሞላ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት ሆነ። ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጣልያን የጦር ሐኪም፣ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ክንድ በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል በአዲሱ ጨረር አንሥቶ ጥይቱ ያለበትን ቦታ ለይቶ አወቀ። በጦር ሜዳ ለቆሰለ ሰው በጨረር ምርመራ ሲደረግ ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው። እንግዲህ የጨረር ሕክምና ታሪክ ገና ከመነሻው ከአገራችን ታሪክ ጋር መገናኘቱ የሚያስደንቅ ነው። ሕዝባችን «ራጅ» የሚለው ቃል ራሱ፣ ጨረሮች ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የመጣ ነው።

ቃሉ ወደ ቋንቋችን በቀላሉ ገባ። መሣሪያውም ከጊዜ በኋላ ገባ። ከሁሉ ዘግይቶ የሚገባው፣ ገብቶም ካልተንከባከቡት ተመልሶ የሚወጣው፣ በመሣሪያው የመጠቀም ዕውቀት ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህች አንዲት ነጥብ ላይ ያተኮረ ይሆናል።

ያደግሁት በፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ዐፄ ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት ልዑካን ከሰጡት ሰፊ ግቢ መሆኑን ታውቃላችሁ። ከሰፈሩ በላይ መንገዱ ወደ ጉራራና ወደ እንጦጦ ተራራ ይወጣል። ከሰፈሩ በታች ደግሞ በዚሁ በየካ ክፍለ ከተማ፣ በ1902 ዓ.ም. የተመሠረተው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይገኛል። በልጅነቴ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ ከቁመታቸው የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸውን አጉብጠው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችን በየቀኑ አይ ነበር። ከእነርሱም መካከል ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። ዛሬ በተራራው አናት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል በሚሆን ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለው ሰማዩን ያያሉ። ይህ ለአገራችን ሳይንስ ትልቅ እርምጃ ነው። የእኔ ጉዳይ ግን ከተራራው ግርጌ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ባለችው ትንሽ መሣሪያ ላይ ነው።

ሥራ በያዝሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ በከተማችን ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ተበላሽቷል ተብዬ ተጠራሁ። የጤና ጣቢያውን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። መሣሪያውን ፈትቼ ስመለከት ብልሽቱ ቀላል ነበር። የኤሌክትሪኩ ኃይል ከፍና ዝቅ ሲል የኃይል መስጫ ክፍሉ ተቃጥሏል። ቀየርሁት፤ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ስታቢላይዘርም አስገባሁ። ከዚያም መሣሪያው መሥራቱን ለማረጋገጥ የገዛ ክንዴን ቅባት ቀብቼ አየሁት፤ ምስሉንም «ሙከራ» ብዬ በማኅደሩ ውስጥ አስቀመጥሁ። ቅጹ ላይ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብዬ ፈረምሁና በሥራዬ ረክቼ ወጣሁ።

ከሰባት ወር በኋላ ለሌላ መሣሪያ ጥገና ወደዚያው ተመለስሁ። አልትራሳውንዱ በቦታው አለ። አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል ለብሷል። ደኅንነቱን ለማየት ያህል ዳንቴሉን ገልጬ አስነሣሁትና ማኅደሩን ከፈትሁ። በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የተመዘገበው ምስል «ሙከራ» የሚለው የእኔው ክንድ ነበር። በሰባት ወር ውስጥ አንዲት እናት አልታየችበትም። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ በመሣሪያው እንድትሠራ የሠለጠነችው አዋላጅ ነርስ እኔ ከመምጣቴ በፊት ወደ ሌላ ቦታ መዛወሯን፣ በምትኳ የሠለጠነ ሰው አለመኖሩን ነገሩኝ። እኔ መሣሪያውን ስጠግን፣ መሣሪያው የሚሠራበት ሰው አልነበረውም። አልጠየቅሁም፤ መጠየቅ ሥራዬ አልመሰለኝም ነበር።

ከክፍሉ ስወጣ እርጉዝ ልጃቸውን ይዘው በረንዳ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት የሥራ ልብሴን አይተው፣

«ልጄ፣ ያ ሆድ የሚያየው ነገር ተሠራ እንዴ?» አሉኝ።

«ተሠርቷል እማማ፤ የሚሠራበት ሰው ነው የጠፋው።»

«እንግዲያ ምኑ ተሠራ?»

መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ልጃቸው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ተወስዳ ስትታይ፣ እንግዴ ልጁ የማኅፀኗን በር ዘግቶ እንደ ተገኘና ቀኗ ሲደርስ በቀዶ ሕክምና በሰላም እንደ ተገላገለች በኋላ ሰማሁ። እርሷ ዕድለኛ ነበረች። በነዚያ ሰባት ወራት መጥተው የተመለሱትን ግን ማንም አልመዘገባቸውም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ይህን ካልሁ ዘንድ ወደ ዋናው ጉዳይ ልለፍ። በመጀመሪያ ስለ ራጅ አሠራር እናገራለሁ። ራጅ ማንሣት ለተመልካች ፎቶግራፍ እንደ ማንሣት ቀላል ይመስላል። ባለሙያው ግን ለአንድ የደረት ራጅ ብቻ ቢያንስ አራት ነገሮችን መወሰን አለበት። ይኸውም የኤሌክትሪኩ ግፊት ስንት ኪሎቮልት እንዲሆን፣ የጨረሩ መጠን ምን ያህል እንዲሆን፣ ታካሚው ከጨረሩ ምንጭ ምን ያህል እንዲርቅ፣ የጨረሩ ወሰንም እስከ የት እንዲጠብ ነው። ከነዚህ በተጨማሪ ታካሚውን በትክክል ማቆም፣ ትንፋሹን ስቦ እንዲይዝ በሚገባው ቋንቋ መንገር አለበት። ከሩቅ ገጠር የመጣ፣ ደክሞና ፈርቶ የቆመ ታካሚ የተነገረው ካልገባው፣ መሣሪያው የቱን ያህል ዘመናዊ ቢሆን ምስሉ ይደበዝዛል። ምስሉ ሲደበዝዝ ደግሞ ራጁ እንደ ገና ይነሣል።

የአንድ የደረት ራጅ ጨረር በጣም ትንሽ ነው፤ ከ0.1 ሚሊሲቨርት አይበልጥም። ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ከምድርና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚያገኘው ጨረር በዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ነው። ስለዚህ ለሕክምና የሚያስፈልገውን ራጅ መፍራት አይገባም። የሚያሳስበው ያለ ምክንያት መደጋገሙ ነው። መደጋገሙ ታካሚውን ብቻ ሳይሆን በየቀኑ በዚያው ክፍል የሚውለውን ባለሙያም የሚነካ ነው። ለጨረር ሠራተኛ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነው መጠን በአምስት ዓመት አማካይ ሲታሰብ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ሲሆን፣ ለሌላው ሕዝብ የተወሰነው 1 ሚሊሲቨርት ነው። አገራችንም በጉዳዩ ላይ ሕግ አላት። የጨረር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 79/1986፣ ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 571/2000፣ ከዚያም አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ወጥተዋል። ሕጉ እንዲህ በየጊዜው ሲታደስ፣ በራጅ ክፍሉ ውስጥ ያለው የዕለት ተዕለት አሠራር ግን ከሕጉ ጋር እኩል መራመድ አለመራመዱን መርምረን የምናውቅ ጥቂቶች ነን።

ምርምር ሲባል ብዙዎቻችን ውድ ቤተ ሙከራ ይታየናል። በራጅ ክፍል ውስጥ ግን በእርሳስና በደብተር የሚጀመር ምርምር አለ። እርሱም የተጣሉ ምስሎች ቆጠራ ነው። በፊልም ዘመን የተበላሸ ፊልም ቅርጫት ውስጥ ተጥሎ ለሁሉም ይታይ ነበር። ዛሬ በዲጂታል መሣሪያ አንዲት ቁልፍ ስትነካ ስሕተቱ ይጠፋል፤ ከስሕተቱም ጋር ትምህርቱ ይጠፋል። ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። በፊልም ዘመን ጨረሩ ሲበዛ ፊልሙ ይጠቁር ስለ ነበር ባለሙያው ወዲያው ይታረም ነበር። በዲጂታል መሣሪያ ግን ጨረሩ ሲያንስ ምስሉ እህል እህል እያለ ያስታውቃል፤ ሲበዛ ግን ምስሉ ይበልጥ ያምራል። የሚያጉረመርም ሐኪም ስለሌለም ባለሙያው ሳያውቀው ቀስ በቀስ የጨረሩን መጠን ወደ ላይ ይገፋዋል። እንግዲህ መሣሪያው በዘመነ መጠን ቁጥጥሩ እየላላ ሊሄድ የሚችልበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ዘገባ፣ ተበላሽተው የሚጣሉ ዲጂታል ምስሎች ብዛት ከመቶ 8 ያህል እንዲሆን፣ ከመቶ 10 ሲያልፍ ግን ምክንያቱ እንዲመረመር ሐሳብ አቅርቧል። እኛ ይህን ቁጥር ለመቅዳት ከመቸኮላችን በፊት የራሳችንን ማወቅ ይገባናል። በአንድ ወር ውስጥ ስንት ምስል ተነሣ? ስንቱ ተጣለ? ስንቱ በአቋቋም ስሕተት፣ ስንቱ በታካሚው መንቀሳቀስ፣ ስንቱ በመሣሪያው ጉድለት፣ ስንቱስ በኤሌክትሪክ መዋዠቅ ተበላሸ? እነዚህን ለመመለስ የሚያስፈልገው ደብተርና እውነተኛ ሰው ነው። ሆኖም አንድ ጥንቃቄ አለ። ቆጠራው ሠራተኛን ለመቅጫ የሚውል ከሆነ በሁለተኛው ወር የሚጣል ምስል አይገኝም፤ ሁሉም ይደበቃልና። ስለዚህ ደብተሩ የመማሪያ እንጂ የመክሰሻ እንዳይሆን ኀላፊዎች ቃል ሊገቡ ይገባል።

ቀጥዬ ወደ አልትራሳውንድ እሻገራለሁ። በእንግሊዝ አገር አሊስ ስቱዋርት የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1956 እና በ1958 ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ ራጅ የተነሡ ሕፃናት ከሌሎቹ ይበልጥ በካንሰር የሚያዙ መሆናቸውን አሳዩ። መጀመሪያ ብዙዎች አልተቀበሏቸውም ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን እውነትነቱ ታወቀ። ፅንስን ያለ ራጅ ማየት የሚቻልበት መንገድ በዚያው ዘመን መገኘቱ ታላቅ በረከት ሆነ። አልትራሳውንድ ጨረር አይደለም። ጆሮአችን ሊሰማው የማይችል ድምፅ ነው። የእኛ ጆሮ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ሲሰማ፣ ለሆድ ምርመራ የሚውለው ድምፅ በሴኮንድ 3 ሚሊዮን ተኩል ያህል ጊዜ የሚርገበገብ ነው። ይህ ድምፅ በሰውነት ውስጥ በሴኮንድ 1,540 ሜትር ያህል ይጓዛል። አሥር ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ተመልሶ ለመድረስ ከሴኮንድ አንድ ሺኛ እጅ 0.13 ያህል ብቻ ይበቃዋል። መሣሪያው የሚሠራው የገደል ማሚቶ በእንጦጦ ሸለቆ እንደሚሠራው ነው፤ ድምፁ ተመልሶ እስኪመጣ የወሰደውን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል። በቆዳና በመሣሪያው መካከል ቀጭን አየር ካለ ድምፁ ከአየሩ ጋር ተጋጭቶ ስለሚመለስ ወደ ውስጥ አይገባም። እናቶች «ያ የሚቀዘቅዘው ነገር» የሚሉት ቅባት የሚቀባውም ስለዚህ ነው።

ለእኛ ለመሐንዲሶች የዚህ መሣሪያ ታሪክ ልዩ ትምህርት አለው። አልትራሳውንድ መጀመሪያ በፋብሪካ ውስጥ በብረት ላይ ያለ ስንጥቅ መፈለጊያ ነበር። በግላስጎ የማኅፀን ሐኪም የነበሩት ኢያን ዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1955 በቀዶ ሕክምና የወጡ እጢዎችን በመኪና ጭነው ወደ አንድ የእንፋሎት ማሞቂያ ፋብሪካ ወስደው በብረት መመርመሪያው አዩአቸው። ቀጥሎ ቶም ብራውን የተባለ፣ ዕድሜው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ የነበረ መሐንዲስ የሐኪሙን ሥራ ሰምቶ ሊረዳቸው ራሱ ሄደ። ሐኪሙ የሚያስፈልጋቸውን ያውቃሉ፤ መሐንዲሱ መሣሪያውን ያውቃል። ሁለቱ በአንድ አልጋ ዙሪያ ቆመው በመሥራታቸው፣ ከማክቪካር ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ የአልትራሳውንድ ምርመራን በር ከፈተ። መሐንዲሱ ጠግኖ ፈርሞ ቢሄድ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ሆኖም አልትራሳውንድ ከራጅ በአንድ ነገር በጣም ይለያል። በራጅ ክፍል የተነሣውን ምስል ሌላ ሐኪም በሌላ ቀን ሊያነበው ይችላል። በአልትራሳውንድ ግን ማየቱና ማንበቡ የሚፈጸሙት በአንድ ጊዜ፣ በአንድ እጅ ነው። እጁ በትንሹ ካዘነበለ የፅንሱ ራስ ልኬት ይዛነፋል፤ ልኬቱ ከተዛነፈ የእርግዝናው ጊዜ ይዛነፋል። የምርመራው ጊዜ ራሱም ወሳኝ ነው። እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በሚደረግ ልኬት የእርግዝናውን ዕድሜ ከ5 እስከ 7 ቀን በሚሆን ልዩነት ማወቅ ይቻላል። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ግን ልዩነቱ እስከ 3 ሳምንት ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ፣ እያንዳንዷ እናት ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ የመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ምክሩ በዋና ከተማ ሆስፒታል ለሚታዩት ብቻ የተሰጠ አይደለም። ጭራሮ ተሸክማ ከእንጦጦ ለምትወርደውም እናት ነው። ለእርሷ ደግሞ የሚቀርባት ሆስፒታሉ ሳይሆን ጤና ጣቢያው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ ሥልጠና ይመለሳል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ማሪ ኩሪ ወደ ጦር ግንባር የሚሄዱ 20 ያህል የራጅ መኪናዎችን አደራጅታ ነበር። በመኪናዎቹ ላይ የተጫነው ዲናሞ በሞተሩ ኃይል ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ማሪ ኩሪ ግን መኪናዎቹን ልካ አልተቀመጠችም። ከልጇ ከኢሬን ጋር በመሆን 150 ያህል ሴቶችን በራጅ ሥራ አሠለጠነች። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ከጨረር ጋር አንዳች ትውውቅ ያልነበራቸው ነበሩ። ሁለቴ ኖቤል የተሸለመች ሊቅ፣ በጦርነት መካከል ጊዜዋን ለማስተማር መስጠቷ መሣሪያ ያለ ሰው ምን እንደ ሆነ ስለ ገባት ነው።

በአገራችንም የሚያሠለጥን አልጠፋም። በ1960ዎቹ የተከፈተው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለዓመታት የራዲዮሎጂ ሐኪሞችና ባለሙያዎች መፍለቂያ ሆኖ ቆይቷል። በሕክምና ምህንድስና ረገድም የአዲስ አበባና የጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን ያስመርቃሉ። አዋላጅ ነርሶችም የተወሰነ የእርግዝና አልትራሳውንድ ምርመራ እንዲማሩ የተደረገባቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ። ይህ «የተወሰነ» የሚባለው ምርመራ የፅንሱ ብዛት አንድ ይሁን መንታ፣ ልቡ ይምታ አይምታ፣ በራሱ ይምጣ በእግሩ፣ እንግዴ ልጁ የት እንደ ተቀመጠ፣ የእንሽርት ውኃው በቂ መሆን አለመሆኑንና የእርግዝናውን ዕድሜ ማወቅ ነው። ስድስት ጥያቄዎች ናቸው። ለእነዚህ ለስድስቱ ትክክለኛ መልስ የሚሰጥ ሰው በየጤና ጣቢያው ቢገኝ ብዙ ሕይወት የሚድን ይመስላል።

«ይመስላል» ያልሁት ሆን ብዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ አንድ ታላቅ ጥናት በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ፣ በኬንያ፣ በዛምቢያ፣ በፓኪስታንና በጓቲማላ ተካሂዶ ነበር። በጤና ጣቢያ የሚሠሩ አዋላጆች፣ ነርሶችና ሌሎች ባለሙያዎች የሁለት ሳምንት ትምህርት ተሰጥቷቸው፣ ከዚያም ለተወሰኑ ወራት በክትትል ተለማመዱ። ሥልጠናው ተሳካ፤ ባለሙያዎቹ ምርመራውን በሚገባ ማድረግ ቻሉ። ነገር ግን አልትራሳውንድ በገባባቸው ቦታዎችና ባልገባባቸው ቦታዎች መካከል በእናቶችም ሆነ በሕፃናት ሞት ልዩነት አልታየም። ሆስፒታል ሄደው የወለዱ እናቶች ቁጥርም አልጨመረም።

ይህን ውጤት መጀመሪያ ሳነበው ደነገጥሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ያች እናት በበረንዳው ላይ ያሉኝን ነው የደገመልኝ፤ «እንግዲያ ምኑ ተሠራ?» እንግዴ ልጁ ወደ ታች መውረዱ ታወቀ እንበል። ከዚያስ? አምቡላንስ አለ ወይ? በሆስፒታሉ ሌሊት ቀዶ የሚያደርግ ሐኪም፣ የሚሰጥ ደም አለ ወይ? እናትየዋስ የተነገራትን ተረድታ፣ ቤተ ሰቧም ተስማምቶ ለመሄድ ትችላለች ወይ? ምስሉ የሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ነው። ሰንሰለት ደግሞ የሚበጠሰው በደካማው ቀለበት በኩል መሆኑን ከእኛ ከመሐንዲሶች በላይ የሚያውቅ የለም።

ይህ ማለት ተስፋ የለም ማለት አይደለም። በአገራችን የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶችም እ.ኤ.አ. በ2016 ከመቶ 26 የነበሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። ይህን ያመጣው አንድ መሣሪያ አይደለም። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጀምሮ እስከ መንገድ ሠሪው ድረስ የብዙ ሰው ድካም ነው። እኛም በዚህ ድካም ውስጥ ድርሻችንን ማወቅ አለብን።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት አራት ሐሳቦችን አቅርቤ ንግግሬን እደመድማለሁ።

አንደኛ፣ በጥገና ቅጻችን ላይ «መሣሪያው ይሠራል» ከሚለው መስመር በታች አንድ መስመር እንጨምር። እርሱም «በመሣሪያው የሚሠራ የሠለጠነ ባለሙያ አለ፤ የለም» የሚል ይሁን። ከሌለ ቅጹ እንዳልተዘጋ ይቆጠርና ለኀላፊው በጽሑፍ ይገለጽ። ይህች መስመር ምንም ወጪ የላትም። እኔ በዚያን ጊዜ ብትኖረኝ ኖሮ ሰባት ወር ባልባከነ ነበር።

ሁለተኛ፣ በየራጅ ክፍሉ የተጣሉ ምስሎች መዝገብ እንዲከፈት ከባለሙያዎቹ ጋር እንስማማ። መሣሪያው የሚሰጠውን ጨረርም በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ አብረን እንለካ። ውጤቱን በዚህ መጽሔት ላይ በየዓመቱ ብናወጣ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከውጭ የተቀዳ ሳይሆን የራሳችን መመዘኛ ይኖረናል።

ሦስተኛ፣ ሥልጠና ለአንድ ሰው ሳይሆን ለቦታው ይሰጥ። አንዲት ነርስ ብቻ ሠልጥና ስትዛወር ዕውቀቱም አብሯት ይዛወራል። በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ቢያንስ ሁለት ባለሙያዎች ይሠልጥኑ፤ የምትሄደዋም ከመሄዷ በፊት ተተኪዋን ታስተምር። ያየችውን ምስል በየጊዜው ከሆስፒታል የራዲዮሎጂ ሐኪም ጋር እንድታስተያይም መንገድ ይበጅላት፤ እጅ ካልታረመ ስሕተትን ይለምዳልና።

አራተኛ፣ አዲስ መሣሪያ ሲገዛ ወይም በስጦታ ሲመጣ፣ ከዋጋውና ከዓይነቱ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች ይኑሩ። ኤሌክትሪኩ ምን ያህል ይዋዥቃል? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ቅባቱ ሲያልቅ ማን ይገዛል? ችግር የተገኘባት እናትስ በማን መኪና፣ ወደ የትኛው ሆስፒታል ትሄዳለች? እነዚህ ከምህንድስና ውጭ የሆኑ ጥያቄዎች አይምሰሉን። መሣሪያው ለምን እንደ ተሠራ የሚያሳዩት እነርሱ ናቸው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ከዚያ በኋላ ወደዚያ ጤና ጣቢያ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። ከብዙ ደብዳቤና ደጅ ጥናት በኋላ ሁለት አዋላጅ ነርሶች ሠልጥነው ተመደቡ። ባለፈው ጊዜ መሣሪያውን ለመፈተሽ ስሄድ ግን ልነካው አልቻልሁም፤ ወረፋ የሚጠብቁ እናቶች በረንዳውን ሞልተውት ስለ ነበር ከሰዓት በኋላ እንድመለስ ተነገረኝ። በሙያ ዘመኔ ከሥራ ቦታ ተመልሰህ ና ተብዬ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ዳንቴሉ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ በመደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። «ሙከራ» ብዬ ያስቀመጥሁት የክንዴ ምስል ግን ዛሬም በማኅደሩ ውስጥ አለ። ላጠፋው እችል ነበር። እንዲቀመጥ የተውሁት፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ወጣት መሐንዲስ አይቶት ምንነቱን ቢጠይቅ የሚነግረው ሰው እንዲያገኝ በማሰብ ነው።